የሆቴል ኢንተርኔት

የሆቴል ኢንተርኔት ሆቴሎች፣ ፔንሲዮኖችና የእንግዳ ማረፊያዎች ለደንበኞቻቸው የሚያቀርቡት የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ዛሬ በአብዛኛው በዋይፋይ ይሰጣል፤ በአንዳንድ ሆቴሎች ደግሞ በክፍሉ ጠረጴዛ አጠገብ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ይገኛል። ወደ ውጭ አገር የሄደ ሰው የአገሩ ሲም ካርድ እንደ ወትሮው ስለማያገለግለው፣ ከቤተሰቡ ጋር ለመነጋገር፣ ሥራውን ለመሥራት፣ ገንዘብ ለማስተላለፍና የበረራ ትኬቱን ለማረጋገጥ በመጀመሪያ የሚደገፈው በዚህ አገልግሎት ላይ ነው።

«ነጻ ዋይፋይ አለ» የሚለው ማስታወቂያ አገልግሎቱ መኖሩን ይናገራል እንጂ በሚፈለግበት ሰዓትና ክፍል መሥራቱን አያረጋግጥም። የሆቴሉ ኮከብ ብዛትም እንዲሁ። የእንግዳው መልእክት ከስልኩ ተነሥቶ የሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ በበርካታ ደረጃዎች ያልፋል፦ በክፍሉና በኮሪደሩ መካከል ያለው የሬዲዮ ሞገድ፣ የሆቴሉ የመግቢያ ገጽ፣ ሁሉም እንግዶች የሚጋሩት መስመር፣ አገሪቱን ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ገመድ፣ በመጨረሻም የአገሪቱ ሕግ። ከእነዚህ አንዱ ቢሰናከል ሌሎቹ ደህና መሆናቸው አይጠቅምም። ስለዚህ የሚታመን ኢንተርኔት የሚያገኘው ተጓዥ አስቀድሞ የጠየቀ፣ ሲደርስ የፈተሸና ሁለተኛ መንገድ የያዘ ነው።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተጓዦች ኮምፒውተራቸውን በሞደም አማካይነት ከክፍሉ የስልክ መስመር ጋር ያገናኙ ነበር። የዘመኑ ሞደም ከፍተኛ ፍጥነት 56 ኪሎቢት በሰከንድ ስለነበር 1 ሜጋባይት የሚያህል ፎቶግራፍ ለማውረድ ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር። የስልክ መሰኪያው ቅርጽ ከአገር አገር ስለሚለያይ ነጋዴዎችና ጋዜጠኞች ልዩ ልዩ መሰኪያዎችን ይዘው ይዞሩ ነበር። ዲጂታል የስልክ ማከፋፈያ ባላቸው ሆቴሎች ደግሞ ተራ ሞደም ከመስመሩ ጋር ሲገናኝ ሊቃጠል ይችል ነበር። ሆቴሉ ለስልክ የሚያስከፍለው የደቂቃ ዋጋም ተጨማሪ ሸክም ነበር።

የዋይፋይ መሠረት የሆነው 802.11 የተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። በ1999 የተሻሻለው ዓይነት እስከ 11 ሜጋቢት በሰከንድ አደረሰው፤ «ዋይፋይ» የሚለው የንግድ ስምም በዚያው ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። በ2000ዎቹ ዓመታት ውስጥ ሆቴሎች በመጀመሪያ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ፣ ኋላም በመኝታ ክፍሎች አካባቢ የዋይፋይ መሣሪያዎችን ተከሉ።

በዚያ ዘመን አንድ እንግዳ ነገር ታይቷል። ርካሽ ማረፊያዎች ደንበኛ ለመሳብ ኢንተርኔቱን በነጻ ሲሰጡ፣ በተለይ በዩናይትድ ስቴትስ ያሉ ውድ ሆቴሎች በቀን ከ10 እስከ 15 ዶላር ያስከፍሉ ነበር። በውድ ሆቴል የሚያርፉት ብዙዎቹ ሂሳባቸውን መሥሪያ ቤታቸው የሚከፍልላቸው ሰዎች ስለነበሩ ዋጋው አያስጨንቃቸውም ነበር። ይህ አሠራር በ2015 አካባቢ ተለወጠ። ማሪዮት ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ የደንበኝነት ፕሮግራሙ አባል ሆነው ክፍላቸውን በቀጥታ ከእርሱ ለሚይዙ እንግዶች፣ ሀያት ደግሞ ከፌብሩዋሪ 2015 ጀምሮ ለሁሉም እንግዶቹ መሠረታዊውን ኢንተርኔት ነጻ አደረጉ። ይሁን እንጂ ብዙ ሆቴሎች እስከ ዛሬ አገልግሎቱን በሁለት ደረጃ ያቀርባሉ፦ ለኢሜይል የሚበቃው በነጻ፣ ፈጣኑ በክፍያ።

አሠራር

ወደ ሆቴሉ የሚገባው መስመር አንድ ወይም ሁለት ነው። በከተሞች አብዛኛውን ጊዜ የፋይበር መስመር ሲሆን፣ ከከተማ በራቁ ሎጆችና ደሴቶች ግን ሳተላይት ሊሆን ይችላል። መስመሩ በመጀመሪያ እንግዶችን የሚለይና የሚቆጣጠር መሣሪያ ውስጥ ይገባል። ይህ መሣሪያ እያንዳንዱ ስልክ ወይም ላፕቶፕ የሚያገኘውን ፍጥነት፣ አንድ ክፍል ስንት መሣሪያ ማገናኘት እንደሚችልና ፈቃዱ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚያበቃ ይወስናል። ከዚያ በኋላ መስመሩ በኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ወይም በየክፍሉ ወደተተከሉት የዋይፋይ ማሰራጫዎች ይከፋፈላል።

በስልኩ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት የሚያሳየው በስልኩና በቅርቡ ባለው ማሰራጫ መካከል ያለውን የሞገድ ጥንካሬ ብቻ ነው። ከማሰራጫው በኋላ ያለው መስመር የተጨናነቀ ወይም ጨርሶ የተቋረጠ ቢሆን ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይቀጥላል። ብዙ እንግዶች «ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ግን ምንም አይከፍትም» የሚሉት ለዚህ ነው።

የመዳከም ምክንያቶች

የጋራ መስመር መጨናነቅ

100 ክፍሎች ያሉት ሆቴል 200 ሜጋቢት በሰከንድ የሚያደርስ መስመር አለው እንበል። ጥራት ያለው ፊልም ለማየት 5 ሜጋቢት በሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። ከእራት በኋላ 60 እንግዶች በአንድ ጊዜ ፊልም ቢከፍቱ 300 ሜጋቢት ይፈልጋሉ፤ ይህም ሆቴሉ ያለውን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ያው መስመር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የምሽቱ ኢንተርኔት ቀርፋፋ፣ የማለዳው ግን ፈጣን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቅ ፋይል የሚልክ ወይም ስልኩን የሚያድስ ሰው ማለዳውን ቢመርጥ ያተርፋል።

የመላኪያና የመቀበያ ፍጥነት ልዩነት

በርካታ መስመሮች የሚቀበሉት በብዙ፣ የሚልኩት ግን በጥቂቱ ነው። ለምሳሌ 50 ሜጋቢት የሚቀበል መስመር የሚልከው 5 ብቻ ሊሆን ይችላል። ፊልም ለሚያይ እንግዳ ይህ አይታወቀውም። በቪዲዮ ስብሰባ የሚሳተፍ ሰው ግን የራሱን ምስልና ድምፅ መላክ ስላለበት፣ እርሱ ሌሎችን በጥራት እያየ ሌሎቹ «ድምፅህ እየተቆራረጠ ነው» ይሉታል። ሆቴሉ ፍጥነቱን በአንድ ቁጥር ብቻ ሲናገር በአብዛኛው የሚጠቅሰው የመቀበያውን ነው።

የሕንፃው አሠራር

ዋይፋይ በዋነኛነት በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን እርስ በርስ የማይነካኩት መተላለፊያዎቹ 3 ብቻ በመሆናቸው በብዙ ሆቴሎችና መኖሪያ ቤቶች መካከል ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣንና ሰፊ ቢሆንም በግድግዳ ቶሎ ይዳከማል። ወፍራም ኮንክሪት፣ የብረት በር፣ ትልቅ መስታወትና የመታጠቢያ ቤት ቧንቧዎች ሞገዱን ያግዳሉ። በብዙ ሆቴሎች መታጠቢያ ቤቱ ከመግቢያው በር አጠገብ ስለሚሠራ፣ ከኮሪደሩ የሚመጣው ሞገድ ወደ አልጋው ከመድረሱ በፊት በእርሱ በኩል ማለፍ ይኖርበታል። በኮሪደሩ ጫፍ ያሉ ክፍሎችና በጥንት የድንጋይ ሕንፃዎች የሚገኙ ማረፊያዎች በዚህ ይበልጥ ይጎዳሉ።

መዘግየት

ፍጥነት ብቻውን በቂ አይደለም፤ መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜም ወሳኝ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ከምድር በላይ 35,786 ኪሎሜትር ላይ የሚገኝ ሳተላይት የሚጠቀም ሎጅ ይህን ሊያሟላ አይችልም፤ ምክንያቱም ሞገዱ ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ እስኪወርድ ብቻ ከ200 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። እንደ ስታርሊንክ ያሉት በ550 ኪሎሜትር ከፍታ ገደማ የሚዞሩ ሳተላይቶች ግን ይህን ችግር በእጅጉ ቀንሰውታል።

የባሕር ውስጥ ገመዶች መቆረጥ

አልፎ አልፎ ችግሩ ከሆቴሉ አልፎ የአገሩ ሁሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 በምዕራብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ በርካታ ገመዶች በአንድ ጊዜ ተበጥሰው ከኮትዲቯር እስከ ናይጄሪያ ኢንተርኔት ተዳከመ። በሜይ 2024 ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል የሚያልፉ ሁለት ገመዶች ተቆርጠው ኬንያ፣ ታንዛኒያና ጎረቤቶቻቸው ተቸገሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ክፍል ወይም ሆቴል መቀየር ትርጉም የለውም፤ የሚጠቅመው በሌላ ገመድ የሚሄድ ሌላ ኦፕሬተር መሞከር ነው።

የመግቢያ ገጽ

አብዛኞቹ ሆቴሎች እንግዳው ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ የክፍል ቁጥርና የአባት ስም ወይም ኮድ የሚጠይቅ ገጽ ያሳዩታል። እስኪሞላው ድረስ ሌላ ምንም ነገር አይከፈትም። በተግባር ከሚያጋጥሙ ችግሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚሁ ገጽ ነው።

ገጹ የሚሠራው እንግዳው ሊከፍት የፈለገውን ድረ ገጽ አስቁሞ በምትኩ ራሱን በማሳየት ነው። የዛሬ ድረ ገጾች ግን በምስጢራዊ ግንኙነት ስለሚከፈቱ ብሮውዘሩ ይህን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረውና ማስጠንቀቂያ ያሳያል ወይም ባዶ ይሆናል። ስልኮች ራሳቸው ገጹን ፈልገው ካላመጡት፣ ዋይፋዩን ከስልኩ ላይ «እርሳ» ብሎ እንደገና መገናኘት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ቪፒኤን የከፈተ ሰው መጀመሪያ ሊያጠፋው፣ ከገባ በኋላ መልሶ ሊከፍተው ይገባል፤ አለዚያ ገጹ ጨርሶ ላይታይ ይችላል።

ሌላው ችግር የመሣሪያ ቆጠራ ነው። ከአንድሮይድ 10 (እ.ኤ.አ. 2019) እና ከአይኦኤስ 14 (እ.ኤ.አ. 2020) ወዲህ ስልኮች የተጠቃሚውን ማንነት ለመጠበቅ ለእያንዳንዱ ኔትወርክ የተለየ ማክ አድራሻ ያሳያሉ። ሆቴሉ ለየፎቁ የተለያየ የዋይፋይ ስም ካወጣ አንዱ ስልክ እንደ ሁለት ወይም ሦስት መሣሪያ ተቆጥሮ የክፍሉ ድርሻ ሊሞላ ይችላል። በዚህ ጊዜ እንግዳ ተቀባዮቹ የተመዘገቡትን መሣሪያዎች እንዲሰርዙ መጠየቅ ይበቃል።

በአንዳንድ አገሮች ገጹ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ይልካል፤ ይህ በሕንድ የተለመደ ነው። የአገሩ ስልክ ቁጥር የሌለው እንግዳ መልእክቱ ሳይደርሰው ሊቀር ስለሚችል ሆቴሉ በወረቀት የታተመ ኮድ እንዲሰጠው መጠየቅ ይኖርበታል።

ሕግ በየአገሩ

የሆቴል ኢንተርኔት ምን እንደሚፈቅድ የሚወስነው ሆቴሉ ብቻ አይደለም።

ጣልያን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው የፀረ ሽብር ድንጋጌ ሕዝብ የሚጠቀምበትን ኢንተርኔት የሚያቀርቡ ሁሉ የተጠቃሚውን መታወቂያ እንዲመዘግቡ አስገድዳ ነበር፤ ግዴታው በ2010 መጨረሻ ላላ። በጀርመን ደግሞ የዋይፋዩ ባለቤት እንግዳው ላጠፋው ጥፋት፣ ለምሳሌ ፊልም ያለ ፈቃድ ቢያወርድ፣ ይጠየቅ ስለነበር ሆቴሎችና ካፌዎች ክፍት ዋይፋይ መስጠት ይፈሩ ነበር። ይህ ኃላፊነት በ2017 በወጣ የሕግ ማሻሻያ በአብዛኛው ተነሣ።

ለንግድም ለሥራም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሄዱባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዋናው ጥያቄ የኢንተርኔት ጥሪ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በኢንተርኔት የሚደረግ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ የሚፈቀደው እንደ ቦቲም ባሉ ፈቃድ ባላቸው መተግበሪያዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ዱባይ የደረሰ እንግዳ በዋትስአፕ መልእክት መላላክ እየቻለ ጥሪው አልሳካ ሲለው የሆቴሉ መስመር የተበላሸ ይመስለዋል። ቪፒኤንን ለወንጀል ወይም ወንጀልን ለመደበቅ መጠቀም በዚያች አገር ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም መቀጫና እስራት ሊያስከትል ይችላል። ሳዑዲ ዓረቢያ በበኩሏ በሴፕቴምበር 2017 በኢንተርኔት ጥሪ ላይ የነበረውን እገዳ አንሥታለች፤ ሆኖም ሁሉም መተግበሪያዎች ወዲያውኑ አልተከፈቱም። ወደ እነዚህ አገሮች የሚሄድ ሰው የተፈቀደውን መተግበሪያ ከመነሣቱ በፊት ራሱም ቤተሰቡም ስልክ ላይ ቢጭን ይሻላል።

በቻይና ጉግል፣ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም በአገሪቱ መስመር አይከፈቱም። ይህ በሆቴሎችም ላይ ይሠራል። ከውጭ አገር ሲም ጋር በሮሚንግ የሚገኝ ኢንተርኔት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሲሙ አገር ተመልሶ ከዚያ ስለሚወጣ በዚህ ማጣሪያ አያልፍም። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ወደ ጓንጁ ለሸቀጥ የሚሄድ ነጋዴ ኢሜይሉን በጂሜይል የሚጠቀም ከሆነ፣ ይህን ሳያውቅ ቢደርስ ከደንበኞቹ ጋር ያለው ግንኙነት ሊቋረጥ ይችላል።

በዩናይትድ ስቴትስ ሆቴሎች የእንግዶችን የግል ሆትስፖት ማገድ አይችሉም። የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኦክቶበር 2014 በናሽቪል ከተማ የሚገኘውን ጌይሎርድ ኦፕሪላንድ ሆቴል የሚያስተዳድረውን ማሪዮትን 600,000 ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። ሆቴሉ በስብሰባ አዳራሾቹ የእንግዶችን ሆትስፖት እያቋረጠ፣ ለራሱ ዋይፋይ ደግሞ ከጉባኤ አዘጋጆችና ከአውደ ርእይ ተሳታፊዎች በአንድ መሣሪያ ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ያስከፍል ነበር። በጃንዋሪ 2015 ኮሚሽኑ እንዲህ ያለው እገዳ ሕገ ወጥ መሆኑን ለሁሉም ተቋማት አስታወቀ።

ደኅንነት

በእንግዳ መቀበያው ላይ የተለጠፈ የይለፍ ቃል አንድን እንግዳ ከሌላው እንግዳ አይጠብቅም፤ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋልና። እ.ኤ.አ. በ2010 ፋየርሺፕ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ክፍት ዋይፋይ ላይ ያለ ማንም ሰው የጎረቤቱን የፌስቡክ መለያ ሊጠቀም እንደሚችል ሲያሳይ ጉዳዩ በሰፊው ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ታላላቆቹ ድረ ገጾች ግንኙነታቸውን በሙሉ ወደ ምስጢራዊ ስልት ስለቀየሩ የያኔው አደጋ እጅግ ቀንሷል። ብሮውዘሩ የምስክር ወረቀት ስሕተት ብሎ ሲያስጠነቅቅ ግን አልፎ መሄድ የይለፍ ቃልን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል።

ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ በኖቬምበር 2014 «ዳርክሆቴል» ብሎ የሰየመውን ጥቃት ይፋ አደረገ። አጥቂዎቹ በእስያ ባሉ የቅንጦት ሆቴሎች ኔትወርክ ውስጥ ገብተው የሚያርፉትን የኩባንያ ኃላፊዎች ይጠብቁ ነበር፤ እንግዳው ዋይፋዩን ሲከፍት የታወቀ ሶፍትዌር ማሻሻያ መስሎ የሚመጣ ተንኮለኛ ፕሮግራም ያቀርቡለት ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፦ ሶፍትዌር ከጉዞ በፊት በቤት ይታደሳል፣ በሆቴል ዋይፋይ ላይ ድንገት የሚመጣ «አድስ» የሚል ጥያቄም አይነካም።

በአዳራሹ የሚቀመጡት የጋራ ኮምፒውተሮች ከዋይፋዩ ይበልጥ አደገኛ ናቸው። በጁላይ 2014 የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስ በሆቴል ኮምፒውተሮች ላይ የሚተየበውን ሁሉ የሚቀዱ ፕሮግራሞች እየተጫኑ መሆኑን አስጠንቅቋል። የበረራ ወረቀት ለማተም ወደ ኢሜይል ወይም ወደ ባንክ መለያ ከመግባት ይልቅ ፋይሉን ለእንግዳ ተቀባዩ ልኮ እንዲያትም መጠየቅ ይመረጣል።

አማራጭ መንገዶች

የሆቴሉ ዋይፋይ ሲከዳ የሚተካው አብዛኛውን ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ነው።

የአገር ውስጥ ሲም ካርድ፦ በብዙ አገሮች ርካሹ መንገድ ነው። በአብዛኞቹ አገሮች በፓስፖርት ይመዘገባል፤ ስለዚህ በኤርፖርቱ ወይም በኦፕሬተሩ ሱቅ መግዛቱ ይሻላል። በአውሮፓ ኅብረት አገር የተገዛ ሲም ከጁን 15 ቀን 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት በ27ቱ አባል አገሮች እንዲሁም በአይስላንድ፣ በኖርዌይና በሊክተንስታይን ያለ ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያ ያገለግላል። ፍራንክፈርት ገዝቶ ሮም መጠቀም ይቻላል። ስዊዘርላንድና ብሪታንያ ግን በደንቡ ውስጥ የሉም።

ኢሲም፦ ያለ ካርድ በስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም ሲሆን ከመነሣት በፊት በኪው አር ኮድ ሊዘጋጅ ይችላል። ለተጓዦች የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ኢንተርኔት ብቻ እንጂ የስልክ ቁጥር የለውም። ዋትስአፕና ቴሌግራም ግን በቀድሞው ቁጥር መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ከአይፎን 14 (እ.ኤ.አ. 2022) ጀምሮ በዩናይትድ ስቴትስ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዳያስፖራ በሄደበት አገር ተራ ሲም ገዝቶ ሊያስገባባቸው አይችልም።

ሮሚንግ፦ የአገርን ሲም በውጭ አገር መጠቀም ቀላሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን ውዱ መንገድ ነው። ቢሆንም ሲሙን አውጥቶ መጣል አይገባም። የኢትዮጵያ ባንኮችና እንደ ቴሌብር ያሉ አገልግሎቶች የማረጋገጫ ቁጥር የሚልኩት በኢትዮጵያ ስልክ ቁጥር ላይ በአጭር መልእክት ነው። ሲሙ ሮሚንጉ ሳይከፈት ከአገር ከወጣ፣ በሆቴሉ ፈጣን ኢንተርኔት ቢኖርም ገንዘብ ማስተላለፍ አይቻልም። ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ የአገሩን ሲም ለመልእክት ብቻ ትቶ የዳታ ሮሚንጉን መዝጋት፣ ኢንተርኔቱን በሌላው ሲም መጠቀም የተለመደ መፍትሔ ነው።

የገመድ መሰኪያ፦ በክፍሉ ካለ ከዋይፋዩ ይበልጥ የተረጋጋ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች መሰኪያው ስለሌላቸው ትንሽ የዩኤስቢ ማገናኛ መያዝ ያስፈልጋል።

ክፍል ከመያዝ በፊት

የቀደሙ እንግዶች አስተያየት ጠቃሚ የሚሆነው የቅርብ ወራት ሲሆን ነው፤ ሆቴል መስመሩን ሊያሻሽል ወይም ሊያበላሽ ይችላልና። በኢሜይል ወይም በስልክ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሚሹ መሆን አለባቸው። «ዋይፋይ አላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። የሚከተሉት የተሻሉ ናቸው፦

• ዋይፋዩ በመኝታ ክፍሎቹ ውስጥ ይሠራል ወይስ በአዳራሹ ብቻ?
• የመቀበያና የመላኪያ ፍጥነቱ በቁጥር ስንት ነው?
• አንድ ክፍል ስንት መሣሪያ ማገናኘት ይችላል? ፈቃዱስ በስንት ሰዓት ያበቃል?
• ለመግባት የአገሩ ስልክ ቁጥር ያስፈልጋል?
• መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የኢንተርኔቱን መሣሪያዎች ያካትታል?
• ለማሰራጫው ቅርብ የሆነ ክፍል መያዝ ይቻላል?

ከደረሱ በኋላ

ፍተሻ የሚደረገው ሻንጣ ሳይፈታ ነው፤ ሻንጣው ከተፈታ በኋላ ክፍል መቀየር ለእንግዳውም ለሆቴሉም ያስቸግራል። የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ በመጀመሪያ በክፍሉ ውስጥ በሩ ተዘግቶ፣ ቀጥሎ በኮሪደሩ፣ በመጨረሻም በአዳራሹ ይከፈታል። ውጤቶቹ ሲነጻጸሩ የችግሩ ቦታ ይታወቃል።

በአዳራሹና በኮሪደሩ ጥሩ ሆኖ በክፍሉ ደካማ ከሆነ ችግሩ የሞገድ ነው፤ ለማሰራጫው ወደሚቀርብ ክፍል መዛወር ይፈታዋል። በሁሉም ቦታ ደካማ ከሆነ ችግሩ የጋራው መስመር ነው፤ ክፍል መቀየር አይጠቅምም፣ የሞባይል ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ፍጥነቱ በሁሉም ቦታና ሰዓት አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ከቆመ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ 2 ሜጋቢት ከሆነ፣ ሆቴሉ ሆን ብሎ ገድቦታል ማለት ነው፤ ይህ በክፍያ ወይም እንግዳ ተቀባዩን በመጠየቅ ሊነሣ ይችላል። አንድ መተግበሪያ ብቻ እምቢ ብሎ ሌላው ሁሉ ከሠራ ደግሞ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የአገሪቱ ሕግ ወይም የሆቴሉ ማጣሪያ ነው።

ለቁርጥ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለሥራ ወይም ለትምህርት ቃለ መጠይቅ፣ ለፈተና፣ ከሐኪም ጋር ለሚደረግ ምክክር፣ ፍተሻው አንድ ቀን ቀደም ብሎ በዚያው ሰዓት መደረግ አለበት፤ የጠዋት ውጤት ስለ ምሽት አይመሰክርምና። በስልኩ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተሞልቶ ሆትስፖቱ አስቀድሞ ከላፕቶፑ ጋር ቢገናኝ ዋይፋዩ ሲቋረጥ በሰከንዶች ውስጥ መቀየር ይቻላል። የሚፈለጉት ሰነዶችና የአካባቢው ካርታ አስቀድመው ከወረዱ ደግሞ መስመር ቢጠፋም በእጅ ይገኛሉ።

በደካማ መስመር መጠቀም

የቪዲዮ ጥሪ ከ1 ሜጋቢት በሰከንድ በላይ ሲፈልግ የድምፅ ጥሪ በ100 ኪሎቢት ገደማ ይሠራል፤ ይህም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መስመሩ ሲዳከም ካሜራውን መዝጋት ንግግሩን ያድነዋል። ስልኩ ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ፎቶግራፎችን ወደ ማከማቻ የሚልክ ከሆነ ጠባቡን የመላኪያ መስመር እርሱ ይይዘዋል፤ ለጊዜው ማቆም ያስፈልጋል። የላፕቶፕና የስልክ ማሻሻያዎችም እንዲሁ። ጥሪም ካልተሳካ የተቀዳ የድምፅ መልእክት መስመሩ በተገኘ ጊዜ ራሱ ስለሚሄድ በሚቆራረጥ ኔትወርክ ላይ ከሁሉ የሚታመነው ነው።